ጨጓራ ለሌለው አፈር የጨጓራ ኪኒን? ስለ ሩዝና ስለ ኖራ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰው ሱቄ መጥቶ ኖራ ጠየቀኝ። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አጠገብ የአትክልት ዘር፣ የመርጫ ዕቃና የመስኖ ቱቦ ነው የምሸጠው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእርሻ ብሎ ኖራ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ሦስተኛው ከቢዮ አዋሌ የመጣ ሽማግሌ ነው። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ልጁ አትሞ የሰጠው ጽሑፍ ነው። “በሄክታር 20 ኩንታል ይላል፤ አንተ ጋ ኩንታሉ ስንት ነው?” አለኝ።

“አባባ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ላንብበው” አልኩት። (ሽማግሌን “ቁጭ በል” ማለቴ የገረመው አንባቢ የድሬ ሰው አይደለም። እዚህ አንቱታ እንደ ኩርፊያ ነው የሚቆጠረው።)

አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። የድሬዳዋና የሐረር ሰው ሩዝ ይወዳል፤ ሩዙ ግን በዶላር ነው የሚገባው፤ ስለዚህ እዚሁ እናምርተው። እንቅፋቱ የአፈሩ አሲዳማነት ነው፤ የአገሪቱ እርሻ ከ40 ከመቶ በላይ አሲዳማ ነውና፣ የእኛም አፈር ቀይ ነውና። ሩዝ ደግሞ አሲድ አይችልም። መድኃኒቱ በሄክታር 20 ኩንታል ኖራ ነው። የእርሻ ኖራ ከጠፋ የግንባታውም ይሆናል፤ እሱም ከጠፋ ጀሶ ወይም አመድ። ጉልበት ለመቆጠብ ከዩሪያ ጋር ቀላቅሎ መበተን ይቻላል። ቢበዛም አይጎዳም። ከዚያ መዝራት ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም፤ ክፉ አስቦ ጻፈ ብዬም አላምንም። ስለ ሩዝ ዋጋ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። በእኔ ቤት እንኳ በሳምንት ሦስት ቀን ሩዝ ነው። ግን ወንድሜ፣ ጽሑፍህ እኚህ ሽማግሌ ኪስ ድረስ ገብቶ ገንዘብ ሊያስወጣቸው ነው። (ይኸው፣ በጽሑፍ ሲሆን አንቱ አልኩት።) ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንነጋገር።

ከቁጥሩ ልጀምር። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው። ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጅማ፣ ጎጃምና አዊ፣ አሶሳ፣ ወላይታ፣ ሲዳማ። እነዚህን ምን ያመሳስላቸዋል ብትለኝ መልሱ ዝናብ ነው። ብዙ ዝናብ ለሺህ ዓመታት አፈሩን ሲያጥበው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀመጣሉ። አሲዳማ አፈር የሚባለው ይኸው ነው፤ የታጠበ አፈር።

ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያውም በልግና ክረምት ተካፍለውት። ይህ ዝናብ ኖራ አጥቦ ሊያወርድ ቀርቶ አቧራውን እንኳ በቅጡ አያስተኛም። በዚያ ላይ ከተማችን የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ ተራሮች ግርጌ ነው። በጣሊያን ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የቆመው ለባቡሩ ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ድንጋዩ ስላለ ነው። ጎርፍ ከነዚያ ተራሮች ፈጭቶ ያመጣውን ደለል ነው የምናርሰው። የአገሪቱን አማካይ ወስዶ እኛ ላይ መለጠፍ የአዲስ አበባን ብርድ አይቶ ለድሬ ልጅ ካፖርት እንደመግዛት ነው።

ማስረጃ የምትፈልግ ከሆነ ወደ ላብራቶሪ መሄድ አያስፈልግህም፤ ወደ ጓዳ ግባ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን አንሳና ውስጡን ተመልከት። ያ በጥፍር የማይለቅ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጽሑፍህ በኩንታል ግዙ የሚለው ዕቃ ራሱ ማለት ነው። የድሬ ሴት ሁሉ በአቼቶ እያፈላች ስታስለቅቀው ኖራለች። ከከርሰ ምድራችን የሚወጣው ውኃ ይህን ያህል ኖራ የያዘው ያለፈበት አፈርና ድንጋይ ኖራ ስለሆነ ነው።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ ከማውራት ማሳየት ይሻላል አልኩ። ማሳ ውሎ ነው የመጣው፤ ጫማው ሥር አፈር ተጣብቋል። በቢላ ፋቅ አድርጌ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አስቀመጥኩት። የሻይ ማንኪያ ሙሉ ቢሆን ነው፤ ገርጣ ያለ ቡናማ። ከጎረቤት ሱቅ አቼቶ አስመጣሁና ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ቺስስ አለ። አረፋው እንደተከፈተ ለስላሳ ተነስቶ የሳህኑን ጠርዝ ነካ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። “ኧረ አቦ!” አለ፣ “ይሄ አፈር ይናገራል እንዴ?”

ይናገራል። ኖራ አለኝ ነው የሚለው። በአቼቶ የሚፈላ አፈር ነፃ ካርቦኔት አለበት፤ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው ማለት ነው፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከ7 በታች አሲድ) ከ7 በላይ፣ ብዙ ጊዜም 8 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው አፈር ላይ ኖራ መጨመር ጨጓራ የሌለበትን ሰው የጨጓራ ኪኒን ማስዋጥ ነው። ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስልህ፤ አንዳንድ የሚታኘኩ የጨጓራ ኪኒኖች ከዚሁ ካልሲየም ካርቦኔት ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ሐረርጌ ድሬዳዋ ብቻ አይደለችም። ጋራ ሙለታ አናት ላይና በጨርጨር ከፍታ ዝናቡ ይበዛል፤ እዚያ ቁልቁለቱ ላይ የታጠበ፣ ወደ አሲድ ያዘነበለ ማሳ ቢገኝ አይገርመኝም። የአቼቶው ሙከራም ወሰን አለው። አፈሩ ከፈላ ኖራ አለ፣ አለቀ። ካልፈላ ግን አሲድ ነው ማለት አይደለም፤ ገለልተኛም ሊሆን ይችላል። ያኔ ነው ወደ ፒኤች መለኪያ የሚኬደው።

ቀይ አፈር ሁሉ አሲድ ነው የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ቀለሙ የመጣው ከብረት ዝገት ነው። ዝናብ አጥቦ ያሲዳመው አፈር ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ቀይ የሆነ ሁሉ ግን ታጥቧል ማለት አይደለም። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብተህ የምታውቅ ከሆነ መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቷል፤ ውጪ ግድግዳው በኖራ ነጥቷል። ቀይና ኖራ በአንድ ቤት ተዋደው ይኖራሉ። ማሳ ላይም እንደዚያው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ሩዝ አሲድ ስለማይችል መጀመሪያ ኖራ ይበተንለት የሚለው። ይህ ለድሬ ብቻ ሳይሆን አሲድ ላለበትም አገር የተዛባ ምክር ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሐረማያ ተማሪ ሳለሁ ከምዕራብ የመጣ ደም የመሰለ አፈር በብርጭቆ ማሰሮ አድርገን ውኃ ሞላንበት። ትንሽ ጭድ ጨመርንበትና ጠረጴዛ ጥግ ተውነው። ፒኤቹ መጀመሪያ 5 አካባቢ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀይነቱ ከታች በኩል መጥፋት ጀመረ። በአራተኛው አመድማ ሆነ፣ አንዳንዱ ቦታ ሰማያዊ የሚመስል። ክዳኑ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ፒኤቹ ስንለካው 6 ተኩል ደርሷል። ማንም ኖራ አልጨመረበትም። ውኃ ብቻ።

የሆነው እንዲህ ነው። ውኃ የተኛበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል። ተህዋስያኑ ግን መኖር አለባቸውና በብረት ዝገት መተንፈስ ይጀምራሉ። ዝገቱ ሲቀየርና በውኃው ሲሟሟ ከአፈሩ አሲድ እየበላ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፒኤቹ ወደ 6 ተኩልና 7 ይጠጋል። አሉሚኒየሙ መርዝ መሆኑን ያቆማል፤ ከብረት ጋር ታስሮ የነበረ ፎስፈረስም የተወሰነው ይፈታል። ለዚህ ነው ውኃ በሚተኛበት ማሳ ሩዝ ለሚዘራ ገበሬ ኖራ ብዙ ጊዜ ለውጥ የማያመጣለት። ውኃው ራሱ ያክማል።

ነፃ መድኃኒት ግን የለም። የሟሟው ብረት ሲበዛ ሩዙን ራሱን ይመርዛል። ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ጀምሮ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቅጠሉ የነሐስ ቀለም ይይዛል። መፍትሔው ያኔ ኖራ ፍለጋ መሮጥ አይደለም። ውኃውን ለጥቂት ቀን አጠንፍፎ አፈሩን ማስተንፈስ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ እንዳይጎድል ማድረግ፣ ብረት የሚችል ዝርያ መምረጥ ነው። ደግሞም ውኃው ሲደርቅ አሲዱ ይመለሳል። ፎገራ ላይ ሩዝ ሲነሳ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራል። አሲዱ በተመለሰበት ማሳ ኖራ የሚያስፈልገው ካለ ቀጥሎ የሚዘራው ነው፣ ሩዙ ሳይሆን።

ውኃ የማይተኛበት፣ በዝናብ ብቻ የሚለማው ሩዝስ? እዚያ አፈሩ በአሲዱ ይቀጥላል። ፒኤች ከ5 ተኩል ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥር ጫፍ ይቆርጣል፤ ሥሩ አጭርና ወፍራም ይሆናል። ግን ከእህል ዘሮች ሁሉ ይህን ከሚችሉት ግንባር ቀደሙ ሩዝ ነው። የማይችለው ገብስ ነው። ብራዚል ውስጥ ሴራዶ የሚባለውን አሲዳማ ሜዳ ሲመነጥሩ መጀመሪያ የሚዘሩት ሩዝ ነበር፤ ሌላው አልበቅል ስለሚላቸው።

የአክስቴ ልጅ ጨዋቃ ነው የሚኖረው። በ1996 ከሐረርጌ ወደ ኢሉባቦር በሠፈራ ከሄዱት ነው። እዚህ ማሽላ ሲያርስ ያደገ ሰው ዛሬ ሩዝ አምራች ነው። (ምሥራቅና ሩዝ ተገናኝተዋል ብንል እዚያ ነው የተገናኙት፤ እኛ ሰዎቻችን ናቸው ዝናብ ወዳለበት የሄዱት።) ባለፈው ዓመት ጥቂት ኩንታል ኖራ አገኘና ደወለልኝ። ለሩዙ ላድርገው አለ። ለበቆሎህና ለባቄላህ አድርገው፣ ሩዙ ይታገሳል አልኩት። በቆሎው ላይ አደረገው። ሩዙን ከከብት ፍግ በቀር ምንም አልጨመረለትም፤ ደህና ነው ያገኘው። ስለ እኛ ተራራ ስነግረው ሳቀና “ድንጋዩ እናንተ ጋ፣ ጨጓራው እኛ ጋ!” አለኝ። እውነቱን ነው። በመካከላችን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ኖራ ርካሽ ነው፤ የሚያስወድደው መኪናው ነው። የሚጻፍ ነገር ካለ በዚህ ላይ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

በሄክታር 20 ኩንታል የሚለው ቁጥር ደግሞ ከየት መጣ? ለአንዱ ማሳ ልክ ሊሆን ይችላል። ለጎረቤቱ ግን ላይሆን ይችላል። ፒኤች የሚነግርህ አሲዱ መኖሩን ነው፤ ምን ያህል አሲድ በአፈሩ ሆድ እንደተደበቀ አይነግርህም። ሁለት ማሳ ሁለቱም ፒኤች 5 ቢሆኑ፣ አሸዋማው በ1 ቶን ሲነሳ ሸክላማው 3 እና 4 ቶን ሊጠይቅ ይችላል። ሸክላው አሲዱን እንደ ስፖንጅ ስለያዘው ነው። የኖራው ጥራትም አለ። በደንብ ያልተፈጨ፣ ጠጠር የበዛበት ኖራ ኩንታሉን ይሞላል እንጂ ለዓመታት አይሟሟም። ተበትኖም ላዩ ላይ ቢተው አይሠራም። ከዘር በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር በማረሻ መቀላቀል አለበት። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንዲት መስመር የለችም።

የግንባታ ኖራ ይተካል የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ነው ያየሁት። ምክንያት አለኝ።

ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ሩብ ሄክታር ተከራይቼ ቲማቲም እሠራ ነበር። አንድ ባለሙያ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር፣ አፈሩን ዓይቶ ብቻ “ኖራ ያንሰዋል” አለኝ። ባለሙያ ነው ብዬ አመንኩት። የተማርኩትን ረስቼ ማለት ነው፤ እሱ አሁንም ያሳፍረኛል። የእርሻ ኖራ ስላጣሁ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የቀለም ኖራ አምስት ከረጢት ገዛሁ። በባዶ እጄ በተንኩት። ማታ ጣቶቼ መሐል ቆዳዬ ተሰነጠቀ፤ ዓይኔ ለሦስት ቀን ቀላ። ችግኞቹን በሳምንቱ አዛወርኩ። ጠርዛቸው ተቃጠለ፤ የተረፉት አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ቅጠሉ ቢጫ፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆነ። ብረት አጥተው ነው። ብረት በአፈሩ ሞልቷል፤ ኖራው ቆልፎባቸው ነው።

የእርሻ ኖራ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ በእጅህ ብትይዘው ምንም አያደርግህም። የግንባታው ግን በእሳት የተቃጠለ ነው። የተቃጠለው ኖራ በክብደት ከድንጋዩ ወደ 1.8 እጥፍ፣ ውኃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነው ደግሞ ወደ 1.35 እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ 20 ኩንታልን በ20 ኩንታል መተካት ስሌቱም ስህተት ነው፣ ለቆዳም አደጋ ነው። ጓንትና መነጽር ሳይኖር የሚነካ ነገር አይደለም። ሲሚንቶ ይበተን ያለ ሰውም ሰምቻለሁ። እሱን አልመልስለትም።

ቢበዛም አይጎዳም ለሚለው የቲማቲሜ ታሪክ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ሩዙ ነው። ኖራ በበዛበት፣ ውኃ በተኛበት ማሳ ሩዝ መጀመሪያ የሚያጣው ዚንክ ነው። ከተተከለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ላይ ዝገት የሚመስል አቧራማ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ዕድገቱ ቆሞ ይቀራል፤ ማሳው እኩል መሆኑን ይተዋል። ህንዶች ካይራ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓንትናጋር ላይ ምክንያቱ የዚንክ እጥረት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ተባይ ወይም ቫይረስ ይመስላቸው ነበር። ዚንክ ሰልፌት ሲሰጡት ዳነ። ድሬዳዋ ላይ ሩዝ የሚሞክር ሰው ቢኖር ገንዘቡን ማስቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው። ለዚንክ፣ ለኮምፖስት፣ ለፍግ። ጽሑፉ ግን ያለበትን በሽታ ትቶ የሌለበትን ያክማል።

ጀሶና አመድ። ጀሶ ከኖራ ጋር የሚመሳሰለው በነጭነቱ ብቻ ነው። ካልሲየም አለው፤ ግን ሰልፌት ስለሆነ አሲድ አያጠፋም፤ ፒኤቹን ንቅንቅ አያደርገውም። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሶዲየም የበዛበት፣ ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚሆን አፈር ላይ ጀሶ ሶዲየሙን አስለቅቆ በውኃ እንዲታጠብ ያደርጋል። አዋሽ ሸለቆ፣ አሚባራ በኩል የጨውና የሶዲየም ችግር ያለባቸው ማሳዎች አሉ፤ የጀሶ ቦታው እንደዚያ ያለ ነው፤ ያውም ማጠንፈፊያ ቦይ ካለ። እንጀራ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ አሲዳማ ማሳ ላይም ከኖራ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

አመድ ግን እውነት ነው፤ አሲድ ያጠፋል፣ ፖታሲየምም አለው። ችግሩ ብዛቱ ነው። የእንጨት አመድ ጥሩ ቢሆን የኖራን ግማሽ ያህል ይሠራል። 20 ኩንታል ኖራን ለመተካት 40 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ቤት በቀን 1 ኪሎ አመድ ቢያወጣ፣ ለአንድ ሄክታር ለማጠራቀም 11 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ለጓሮ ጎመን አሲድ ላለበት አገር ይሁን። ጽሑፉ የቡና ገለባ አቃጥሉም ይላል። ሐረር ላይ የቡና ገለባ ለእሳት የሚሰጥ ሰው ካገኘህ አሳየኝ። እኛ ጋ ገለባው ሆጃ ሆኖ በወተት ይጠጣል፤ የተረፈው ኮምፖስት ቢገባ ይሻላል።

ኖራን ከዩሪያ ጋር ቀላቅሎ መበተን። ወላሂ ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ውኃ ጠጣሁ። ዩሪያው መሬት ላይ አሞኒያ ሲሆን ኖራው ወደ ጋዝ ቀይሮ ያበረዋል። ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ገንዘብህ ሲሄድ ነው። ሁለቱ መለያየት አለባቸው፤ ኖራው ሳምንታት ቀድሞ፣ ዩሪያው በኋላ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ። የእኛ አፈር ላይ ደግሞ ኖራ ሳይጨመርበት እንኳ ዩሪያ ላዩ ላይ ከተተወ በዚህ ሙቀት ይተናል። ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ የምለው ነው፤ በትነህ ወዲያው አልብሰው፣ ወይም ከመስኖ በፊት አድርገው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ። ውኃ።

አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ሄክታር ላይ ሲቆም 10 ሜትር ኩብ ነው። ውኃ የሚተኛበት ሩዝ በአንድ ወቅት 1,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህም 10,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰፈራችን ውኃ ሲጠፋ የሚመጣውን ቦቴ አስበው፣ 10,000 ሊትር የሚይዘውን። አንድ ሺህ ቦቴ ለአንድ ሄክታር። ደቻቱን እንዳትለኝ። ደቻቱ በዓመት ለጥቂት ሰዓት ወንዝ የሚሆን አሸዋ ነው፤ ሲሆን ደግሞ እንዴት እንደሚሆን በ1998 ክረምት ጎርፍ አይተናል። ሐረር እንኳ ሐረማያ ሐይቅ ደርቆባት ውኃዋን ከድሬ በኩል ካለ ጉድጓድ ሽቅብ እያስገፋች የጠጣች ከተማ ናት። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል፤ ለሩዝ ብለን እንደገና እንጠጣው?

ከጉድጓድ በሞተር ይውጣ ብንልስ? እሺ፣ ይውጣ። ግን ማንቆርቆሪያውን አስታውስ። በሊትር 300 ሚሊ ግራም ኖራ የሟሟበት ውኃ ነው ብንል፣ 10,000 ሜትር ኩቡ 30 ኩንታል ኖራ ተሸክሞ ማሳው ላይ ይመጣል። አንተ ካዘዝከው 20 ኩንታል ይበልጣል፤ ያውም በየወቅቱ፣ ያለ ኩንታል ሒሳብ፣ ያለ መኪና ኪራይ።

ምሥራቅ ላይ ሩዝ ይሁን የሚል ሰው ካለ ጎዴን ያስብ። ዋቢ ሸበሌ አለ፣ ሜዳ አለ፣ ከሩዝ ጋርም ትውውቅ አለው። እዚያም ቢሆን ጥያቄው ጨውና ዚንክ ነው እንጂ አሲድ አይደለም። ድሬ ዙሪያ ላለ ገበሬ ግን በዚያ ውኃ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ፓፓያ ቢያጠጣበት ሩዙን ከገበያ ገዝቶ ይበላል፤ ትርፍም ያገኛል። ማሽላው ደግሞ ያለ ማንም ምክር ይችላል።

ሽማግሌው ያን ቀን ኖራ አልገዛም። የሽንኩርት ዘር ወሰደና ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ “ያ አቼቶ ስንት ነው?” አለኝ። የጎረቤቱን ሱቅ አሳየሁት።

ትናንት ተመልሶ መጣ። ሦስት ፌስታል አፈር ይዟል፤ የራሱ፣ የወንድሙ፣ አንዱ ደግሞ ከላይ ከዳገቱ፣ አማቹ የሚያርሰው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሦስት ሳህን ደረደርን። የሻይ ቤቱ ልጆች ሳይቀሩ ከበቡን። የመጀመሪያው ፈላ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በላይ ፈላ። የዳገቱ ግን ዝም አለ። ሽማግሌው አቼቶውን ደገመበት፤ አሁንም ዝም። እሱን በፌስታሉ እንዳለ አስሬ ስምና ቀን ጽፌበት ለአፈር ምርመራ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ሰኞ ይሄዳል።